ስለ ሒሳብ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሽማግሌ የሚላከው ለሚስት ነው። ባልና ሚስት ሲኳረፉም ይላካል፤ ድንበር የተጋፉ ጎረቤታሞች ሲካሰሱም ይላካል። ለእኔ የተላከው ግን ለሒሳብ ነው። ቶሮንቶ ያለን አበሾች ብዙ ጉድ ሠርተናል፤ ነገር ግን ኮሌጅ የተማርኩትን ሒሳብ ዩኒቨርሲቲው ይቀበልልኝ ብሎ ሦስት ሽማግሌ ነጠላ አስለብሶ የላከ ቤት ከእኛ በፊት አልነበረም። ከእኛ በኋላ የላኩትን አልቆጥራቸውም። እነሱ ከእኛ ነው የቀዱት።

ነገሩ የተጀመረው በዳሌ ነው።

አዲስ አበባ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ከእናቴ ጋር ከመጣሁ በኋላ ኮሌጅ ገብቼ የላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት መማር ጀምሬ ነበር። ከክፍል ስወጣ ባስ ይዤ ስካርቦሮ እሄድና አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ የምግብ ትሪ አድላለሁ። እዚያ አንዲት አፏን የማትይዝ አሮጊት ነበረች። ሾርባው ቀዝቅዟል ብላ ከሰደበችኝ በኋላ አንድ ቀን ዳሌዋን በማንኪያ ኳ ኳ አደረገችና «ይኼ ሰው የሠራው ነው» አለችኝ። «እግዜር የሠራው ቶሎ ተበላሸ። ይኼኛው አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም።»

ከሾርባው ይልቅ ይህ ከነከነኝ። በማግስቱ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ዳሌ የሚሠራ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ጠየቅኩ። እዚያ የምትሠራው ሴትዮ ሳትስቅ ፈለገችልኝ። ባዮኢንጂነሪንግ። የሚማሩትም ዩኒቨርሲቲ ነው እንጂ ኮሌጅ አይደለም። እኔም በልቤ «ታዲያ ምን ችግር አለ፣ ኮሌጁን ጨርሼ እዛወራለሁ» አልኩ።

እንዲህ ያልኩት ሞኝ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። አገር ቤት ዲፕሎማ የያዘ ሰው ቆይቶ ዲግሪውን ይቀጥላል፤ ዲፕሎማ ማለት የዲግሪ ታናሽ ወንድም ነው። እዚህ ግን ሁለቱ ዝምድና የላቸውም። መንገድ ላይ ቢገናኙ ሰላም አይባባሉም። ይህን ደግሞ የሚነግር ሰው የለም፤ በተለይ እንዲነግር ደመወዝ የሚከፈለው ሰው አይነግርም።

እሱ የኮሌጁ አማካሪ ነው። ጥርሱ ያምራል። የምወስዳቸውን ኮርሶች በየሴሚስተሩ ከፋፍዬ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ አስምሬ ይዤለት ሄድኩ። ከሩቅ አየው።

«ቢዩቲፉል!»

«ይኼ ሒሳብ ዩኒቨርሲቲ ይቆጠርልኛል?»

«ለምን አይቆጠርም? ቢዩቲፉል ፕላን ነው።»

«ተቆጥሮለት የተዛወረ ሰው ታውቃለህ?»

«አንቺ የመጀመሪያዋ ትሆኛለሽ» አለኝ፣ ከረሜላ የሞላ ሳህን ወደ እኔ እየገፋ።

ከረሜላውን ወሰድኩ። እንዲያ የሚል ሰው መንገዱን እንደማያውቀው ሊገባኝ ይገባ ነበር፤ ግን ጥርሱን እያየሁ ነበር።

በእሑድ በእሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ለቤተ ክርስቲያን በተከራየነው ምድር ቤት ውስጥ ምርመራ አለ። ሻይ በእጃቸው የያዙ ሴቶች እኔን ሲያዩ ሁሌም አንድ ጥያቄ አላቸው።

«ምን እየተማርሽ ነው የኔ ልጅ?»

«ወደ ባዮኢንጂነሪንግ ልዛወር ነው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የሰውነት ክፍል መሥራት። ዳሌ፣ ጉልበት፣ የልብ ቧንቧ...»

«በስማም! ፈጣሪ የሠራውን ማን ጠላው?»

«ነርስነቱ ምን አለሽ ታዲያ?» ትላለች ሌላዋ። «የእህቴ ልጅ ነርስ ሆና ቤት ገዛች።»

ነርስነትን የማከብር ሰው ነኝ፤ ነርሶች ይሙቱልኝ አላልኩም። ግን እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ሴት ልጅ ወደ የትኛውም በር ብትሄድ፣ በሩን ስትከፍተው ከጀርባው ነርስነት ቆሞ ይጠብቃታል። አርክቴክት ልሆን ነው ብላ የነበረች አንዲት ልጅ ዛሬ ነርስ ናት። ፒያኖ ልማር ያለችውም ነርስ ናት።

በኮሌጁ የመጀመሪያ ዓመቴ ክረምት፣ በረዶው የባስ ማቆሚያውን ወንበር በዋጠበት ሰሞን፣ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ደወልኩ። ለእንግሊዝኛ አንድን ይጫኑ፣ ለፈረንሳይኛ ሁለትን ይጫኑ፣ ስለ ማመልከቻ ሦስትን ይጫኑ፤ ጣቴ እስኪደነዝዝ ከተጫንኩ በኋላ ከሌላ ትምህርት ቤት የሚዛወሩትን የምታይ ሴትዮ አገኘሁ። የኮርሶቼን ስም ጠርቼላት አንድ በአንድ ሰማችኝ።

«ሒሳብሽ የቴክኒሻን ሒሳብ ነው። ከእኛ ጋር እኩል አይደለም። አዝናለሁ።»

«ታዲያ ምን ልውሰድ?»

«እንደየሁኔታው ይታያል።»

«የእኔ ሁኔታ ይኸው ነው፣ ነገርኩሽ አይደል?»

«እንደየሁኔታው ነው» አለችና ቀጠሮ ከፈለግሽ ጸሐፊዋን ጠይቂ ብላ ዘጋችው። ጸሐፊዋን ጠይቄ ቀጠሮ ያዝኩ። ብቻዬን ልሄድ ነበር። መቼም ሰው ያቅዳል።

እናቴ ቀኑን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ስታጥፍ ስለምትውል ክሬሰንት ታውን ያለው ቤታችን ውስጥ አንድ ካልሲ እንኳ አታጥፍም። የታጠበው ልብስ ሁሉ ሶፋው ላይ ተራራ ሆኖ ይከመራል፤ እሷም ተራራው ላይ ደገፍ ብላ ቴሌቪዥን ታያለች። እዚያው ሆና ጠየቀችኝ።

«ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የጠቆረው?»

«ዩኒቨርሲቲው ሒሳቤን እምቢ አለ።»

«ማንን ላክሽባቸው?»

«ማንን እልካለሁ? እኔው ነኝ የደወልኩት።»

«አንቺው?» አለች ቀና ብላ። ለራሴ ባል በስልክ የጠየቅኩ ነበር የመሰላት። «ራስሽ ደውለሽ፣ አንዴ ጠይቀሽ፣ እምቢ ሲሉሽ ስልኩን ዘጋሽ?»

«እማዬ፣ ዩኒቨርሲቲ እኮ ነው።»

«ውስጡ ያለው ሰው አይደለም? መጀመሪያማ እምቢ ነው የሚባለው! አባትሽ የላካቸውን ሽማግሌዎች አባቴ ሁለቴ ነው የመለሳቸው። በመጀመሪያው እሺ ያለ ቤት ልጁን የጠላ ቤት ነው። ሴትዮዋ ልጅሽን አስከብሪ እያለችኝ ነው።»

«ሴትዮዋ እኔን የምታውቀኝ በስልክ ነው!»

«ለዚህ እኮ ነው ሰው የሚያስፈልገው።»

ከዚያ በኋላ ስልኩ የእሷ ሆነ። እኔ ቀጠሮዬን ደብቄ ነበር፤ ነገር ግን የዩኒቨርሲቲው ጸሐፊ ቀጠሮውን ለማስታወስ ቤት ደውላ እናቴን አገኘቻት። የእናቴ እንግሊዝኛ ለሌላ ነገር አይበቃም፤ ለቀንና ለሰዓት ግን በቂ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ሻምበል ናቸው፤ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ነው የምንኖረው። አሳንሰር ውስጥ ሰው በቁመት ያሰልፋሉ። ሁለተኛው አባ ናቸው፤ ደግ ቄስ፣ ከቆሙበት ቅዳሴ ብዛት ቆመው መተኛት የሚችሉ። ሦስተኛው ኢንጂነር የምንለው ሰው ነው። ሶሻሊስት አገር ሄዶ ድልድይ ተምሯል፤ እዚህ ታክሲ ይነዳል። አንቱ ስለው አታስረጂኝ ብሎ ስለተቆጣኝ አንተ እለዋለሁ። እንግሊዝኛው ከሦስቱ ይሻላል። ድምፁ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ይሻላል።

ጠዋት በታክሲው ሄድን። ሻምበል ፊት ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ ከአባና ከአባ ጥላ ጋር። ኢንጂነሩ ከልማድ የተነሣ ሜትሩን ከፈተው።

«ዝጋ!» አሉ ሻምበል።

ዘጋው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ በር ላይ ትቆሚያለሽ። ትንፍሽ እንዳትይ። ሙሽራ አትናገርም።»

«ሙሽራ አይደለሁም ሻምበል።»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም። ቀጠሮው በእኔ ስም ነው።»

«በሙሽራ ስም አይደል ሽማግሌ የሚላከው?» አሉና ወደ ፊት ዞሩ። አባ «ተይ ልጄ፣ ይሁን» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና ወዲያው አንቀላፉ።

ቢሮዋ ጠባብ ነው። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ፣ ጠረጴዛዋ ላይ አንዲት የከሳች የካክተስ ተክል፣ ፊት ለፊቷ ሁለት ወንበር። አራት ሰው፣ ሦስቱ ነጠላ ለብሰው፣ አንዱ ጥላ ይዘው ሲገቡ አየችና ጸሐፊዋን ሦስተኛ ወንበር አስመጣች። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

«እባካችሁ ተቀመጡ» አለች።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ሻምበል በአማርኛ።

ኢንጂነሩ ተረጎመ፦ «መቆም ይመቸናል ይላሉ።»

ልጅ ስትጠየቅ አይቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሽማግሌ መልሱን ሳይሰማ አይቀመጥም፤ ከተቀመጠ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ሴትዮዋ ግን የምታውቀው ሦስት ባዶ ወንበርና ሦስት የቆሙ ሽማግሌዎች ነው። እሷም በይሉኝታ ልትነሣ ከወንበሯ ከፍ አለች፤ ከዚያ ጀርባዋን አመማት መሰል ተመልሳ ተቀመጠች።

ሻምበል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እርስዎ ስለማያውቋት ነው እንጂ ይህች ልጅ የሰው ልጅ ናት። አያቷ በአገሩ የታወቀ ዳኛ ነበር። ፍርዱን ያጣጣለ ሰው አልነበረም...»

«አያቷ ዳኛ ነበሩ» አለ ኢንጂነሩ በእንግሊዝኛ።

ሴትዮዋ እስክሪብቶ አነሣች። «እሺ። አያቷ የሚያመለክቱት ለየትኛው ትምህርት ነው?»

«ምን አለች?» አሉ ሻምበል።

«ስለ አያቷ ይበልጥ ማወቅ ትፈልጋለች» አለ ኢንጂነሩ።

ስለ አያቴ ይበልጥ ተነገራት። በሩን ጨብጬ ቆሜ ሰማሁ፤ ግማሹን እኔም አላውቀውም ነበር። ከአያቴ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ ስደቱ፣ ከስደቱ ወደ እናቴ አንሶላ ከተሄደ በኋላ ኢንጂነሩ ራሱ ሰለቸውና «የመጣነው ስለ ሒሳብ ነው» አለ።

ሴትዮዋ በደስታ ፋይሉን ከፈተች። ሒሳብ የምታውቀው ነገር ነው። በስልክ ያለችኝን ደገመችው፦ የቴክኒሻን ሒሳብ ሌላ ነው፣ የኢንጂነሪንግ ሒሳብ ሌላ ነው፣ ልንቀበለው አንችልም።

«እምቢ አለች?» አሉ ሻምበል።

«እምቢ አለች።»

«መልካም። ይኼ የመጀመሪያው ነው።» ሻምበል አልተከፉም፤ እንዲያውም ሴትዮዋን በአክብሮት ማየት ጀመሩ። «እንግዲያው በላት፤ ልጅቱ የተማረችው ሁለት ሒሳብ ነው። አንዱን እነሱ ይቀበሉ፣ አንዱን እኛ እንተወው። መሐል ላይ እንገናኝ።»

ኢንጂነሩ ተረጎመው። ይህንንስ ባይተረጉመው ደስ ባለኝ።

«ግማሹን ሒሳብ?» አለች ሴትዮዋ።

«ግማሹን።»

«እንደዚያ አይሠራም።»

«በእኛ በኩል ችግር የለም» አለ ኢንጂነሩ።

ቆሙ። እሷም ተቀምጣ አየቻቸው። አባ በጥላቸው ተደግፈው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዙ ጀመር።

«ሰውየው ደህና ናቸው?» አለች ደንግጣ።

«እየጸለዩ ነው» አለ ኢንጂነሩ። እኔ ተኝተው እንደነበር አውቃለሁ።

ይህን ጊዜ ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። ጠረጴዛው ላይ ጣለችውና ሌላ ሰው ሆነች፤ ድምጿ ፈጠነ። «ስሙኝ፤ ይኼን ለልጆቹ ማንም አይነግራቸውም። ሁለተኛውን ዓመት ኮሌጅ ብትጨርስ ከእኛ የምታገኘው ምንም የለም። ጊዜዋን ነው የምታባክነው። የሚያስፈልጋት የአሥራ ሦስተኛ ክፍል ካልኩለስ፣ አልጀብራና ፊዚክስ ነው። የአዋቂዎች ሃይስኩል ገብታ ሦስቱን ትማር፤ ከዚያ ትምጣ።»

እዚህ አገር ከአሥራ ሁለተኛ በኋላ አሥራ ሦስተኛ የሚሉት ዓመት አለ። ስለ እሱ ሰምቼ ነበር፤ ለእኔ ነው ያለኝ ግን አልነበረም። በዚያ ሁሉ ወራት ውስጥ ስለ ትምህርቴ የሰማሁት የመጀመሪያው ቀጥ ያለ ንግግር ይህ ነበር። የኮሌጁ አማካሪ ከነጥርሱ፣ ከነከረሜላው ትዝ አለኝና ተመልሼ ሳህኑን ልደፋበት አማረኝ።

ኢንጂነሩ በአማርኛ እንዲህ አሳጠረው፦ «ወደ ሃይስኩል ትመለስ ትላለች።»

አባ ነቁ። «ወደ የት?»

«ሃይስኩል።»

«ኮሌጅ የገባች ልጅ ወደ ሃይስኩል!» አሉ ሻምበል። አሁን ተከፉ። «ይኼ እምቢታ አይደለም፣ ስድብ ነው። እናቷ ምን ብላ ሰው ፊት ትቆማለች? በላት፤ ልጅቱን እንዳለች፣ ወደ ኋላ ሳይመልሱ የሚቀበል ክፍል የላቸውም?»

ሴትዮዋ ትከሻዋን ነቀነቀች። «እኔ አላውቅም፤ ሌላ ቢሮ ነው። ግን ባዮሎጂና ኬሚስትሪዋን ምናልባት ነርሲንግ ያይላት ይሆናል።»

ነርሲንግ አልተተረጎመም። መተርጎም አላስፈለገውም። ሦስቱ ተያዩ። የኢንጂነሩ ፊት ፈካ፤ አባ አማተቡ። ሻምበል እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለሴትዮዋ ጎንበስ አሉና «እግዚአብሔር ያክብርልን» አሉ።

ከዚያም ተቀመጡ።

ሦስቱም፣ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ፣ እፎይ እያሉ። ሴትዮዋ እግራቸው የዛለ መስሏት ደስ አላት። በር ላይ የቆምኩት እኔ ግን የወንበሮቹን ሲጢጥታ ስሰማ ለነርስነት መዳሬን አወቅኩ። ሽማግሌ የሚላከው ሰው የፈለገውን ለማምጣት አይደለም፤ ለማስማማት ነው። እነሱም ተስማምተዋል። እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት።

«ነርስ አልሆንም!» አልኩ በእንግሊዝኛ። ጮህኩ መሰለኝ።

«ሙሽራ አትናገርም አላልኩም?» አሉ ሻምበል ሳይዞሩ።

«ሙሽራ አይደለሁም! ተማሪዋ ነኝ!»

ሴትዮዋ መነጽሯን ፈልጋ አደረገችና አየችኝ። «አንቺ ነሽ እንዴ ተማሪዋ? እኔ እኮ መንገድ ልታሳያቸው የመጣች ልጅ መስለሽኝ ነበር።»

«እኔ ነኝ። ሦስቱን ኮርስ ድገሚልኝ።»

ደገመችልኝ። ካልኩለስ፣ አልጀብራ፣ ፊዚክስ።

«ሦስቱን በጥሩ ውጤት ይዤ ብመጣ፣ የኮሌጁን ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ትቆጥሩልኛላችሁ?»

«እንደየሁኔታው ይታያል» አለች።

ሻምበል ኢንጂነሩን በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። «ምን ተባባሉ?»

«ልጅቱ ነርስነቱን እምቢ አለች» አለ ኢንጂነሩ ተናዶ። «ሃይስኩሉን ነው የምትፈልገው። ሴትዮዋም ቁርጡን አልተናገረችም።»

ሻምበል ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተከሉና፣ እያቃሰቱ፣ ተነሡ። አባም ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተነሡ። ኢንጂነሩ ብቻውን ተቀምጦ ዙሪያውን አየና እሱም ተነሣ።

«ልጅቱ ካልተስማማች አላለቀም» አሉ ሻምበል። ወደ እኔ ዞረው ጨመሩበት፦ «ለአንቺ ብዬ አይደለም። አልወደድኩልሽም። ሥርዓቱ ስለሆነ ነው።»

ሴትዮዋ ሦስቱ እንደገና ሲቆሙ ስታይ ዓይኗን ጨፈነች። ውጪ የሚቀጥለው ባለ ቀጠሮ በሩን አንኳኳ። ማንም አልተነቃነቀም። እንደገና አንኳኳ።

«እሺ» አለች። «ኬሚስትሪውን። ሦስቱን ኮርስ በጥሩ ውጤት ካመጣች ኬሚስትሪው ይቆጠርላታል። ባዮሎጂውን ስትመጣ አየዋለሁ።»

«ፋይሌ ላይ ጻፊው» አልኳት። እያየኋት ጻፈችው።

«ምን ሆነ?» አሉ ሻምበል።

«ኬሚስትሪ ተፈቀደ። ባዮሎጂ ቀጠሮ ተሰጠው» አለ ኢንጂነሩ።

ወደ እኔ አዩ። ራሴን ነቀነቅኩ። ተቀመጡ። አሁን ደግሞ የሚያስነሣቸው ጠፋ፤ ነገር ካለቀ በኋላ ብድግ ብሎ መሄድ ነውር ነው። ስለ ጤናዋ ጠየቋት። ልጆች እንዳሏት ጠየቋት። አባ መረቋት፤ ቤቷን መረቁ፤ ካክተሷንም አዩና አዝነውላት መረቋት። ባለ ቀጠሮው ልጅ በሩን ከፍቶ አንገቱን አስገባ፤ አባ እሱንም መረቁት።

ታክሲ ውስጥ ግን ምርቃት አልነበረም። «የላኩትን ሽማግሌ ነገር ከአፉ መንጠቅ!» አለ ኢንጂነሩ። «ሰው ፊት አዋረድሽን። ነርስነቱን በእጃችን አስገብተን ነበር እኮ!»

«ማን ነርስነት ለምኑልኝ አላችሁ?»

«ሰው የሚለመነው የሚሰጠውን ነው!»

«አንተ ድልድይ ተምረህ ታክሲ ሲሰጡህ እሺ ስላልክ ነው?»

ይህን ባልለው ይሻል ነበር። ክሬሰንት ታውን እስክንደርስ አባ ብቻ አንዴ አንኮራፉ።

እናቴ በር ላይ ጠበቀችን። ሻምበል ቆመው ሪፖርት አደረጉ፦ «ኬሚስትሪ አልቋል። ባዮሎጂ በቀጠሮ ነው። ሒሳቡን... ሒሳቡን ልጅቱ እንደገና ትማራለች።»

«የት?» አለች እናቴ።

ሻምበል ኢንጂነሩን አዩ። ኢንጂነሩ አባን አየ። አባ ጥላቸውን አዩ።

«ሃይስኩል» አልኩ እኔ።

እናቴ የልብሱ ተራራ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለሰው እንዳትናገሪ።»

አልተናገርኩም፤ የተናገሩት እነሱ ናቸው። ግን እነሱ ሲናገሩት ሌላ ሆነ። በሁለተኛው እሑድ ምድር ቤቱ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ዩኒቨርሲቲ አስገቧት ተብሎ እንኳን ደስ ያለሽ ተባልኩ። እናቴ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። «አሜን» አልኩ። ያቺ የእህቷ ልጅ ነርስ የሆነችው ሴትዮ ሳመችኝና «ያው ቆይተሽ ወደ ነርሲንጉ መቀየር ትችያለሽ» ብላ አጽናናችኝ።

ኮሌጁን ልተው ነው ብዬ ለአማካሪው ልነግረው ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት፦ ሁለተኛው ዓመት ከንቱ እንደሆነ፣ ሃይስኩል እንደምመለስ፣ እሱ ያለኝ ሁሉ ውሸት እንደነበር። እስክጨርስ ሰማኝ።

«ቢዩቲፉል» አለ። «ዋናው ነገር የራስሽን መንገድ ማግኘትሽ ነው።»

ሳህኑን አልደፋሁበትም። ከረሜላውን በሙሉ ኪሴ ውስጥ ገልብጬ ወጣሁ።

የአዋቂዎቹ ሃይስኩል ውስጥ ጎኔ የሚቀመጠው ቧንቧ ሠራተኛ የነበረ ፖላንዳዊ ነው። ፊት ለፊቴ ያለችው ሴትዮ ሦስት ልጅ ያላት ታሚል ናት። ማናችንም እዚያ ለመገኘት ፈልገን አልመጣንም። ካልኩለስ ደግሞ ሽምግልና አያውቅም፤ መሐል ላይ እንገናኝ ብትለው አይሰማህም። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅኩ። ሁለተኛውን ለትንሽ አለፍኩ። አረጋውያኑ ቤት ትሪ እያደልኩ ባለ ዳሌዋን አሮጊት ዳሌ መሥራት ልማር እንደሆነ ብነግራት «ታዲያ እኔ ቶሎ ልሞት ነው፣ አፍጥኚው፤ የግራው ደግሞ ጀምሮኛል» አለችኝ። ከምርቃቱ ሁሉ ይህ ነው የጠቀመኝ። ዓመቱ ሲያልቅ ሦስቱንም ይዤ ወጣሁ፤ በፊዚክስ ከፖላንዳዊው በለጥኩ፤ በካልኩለስ እሱ በለጠኝ።

በዚህ መሐል ሻምበል ሥራ በዝቶባቸዋል። ወሬው ሪጀንት ፓርክ የሚባለው ሰፈር ድረስ ደርሷል። ልጁ ፋርማሲ እምቢ የተባለበት፣ ልጅቷ የጥርስ ሕክምና የተከለከለችበት ቤት ሁሉ በእሳቸው ይላላካል። አሁን በቀጠሮ ነው የሚገኙት። የተሳካላቸው እንዳለ አልሰማሁም፤ ሁለት ልጆች ግን ነርሲንግ ገብተዋል።

እኔ ባዮኢንጂነሪንግ ተቀበሉኝ። ባዮሎጂው እንደተንጠለጠለ ነበርና ለእሱ ብቻዬን ሄድኩ፤ ለእናቴ ሳልነግራት፣ በባስ። የሴትዮዋ በር ላይ ያልነበረ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ ከአመልካቹ በቀር ማንም እንዲገባ አይፈቀድም። ከሥሩ በሌላ ቀለም «ዘመድም ቢሆን» ተብሎ ተጨምሮበታል።

ሴትዮዋ አወቀችኝ። ከኋላዬ በሩን አየች፤ ሌላ ሰው እንዳልገባ እስክታረጋግጥ አንገቷን አስግጋ ቆየች። ካክተሷ ጫፏ ላይ አንድ ቀይ አበባ አውጥታለች።

«ከዚያ ቀን በኋላ ነው ያበበችው» አለች። «ለዚያ ለባለ ጥላው ሰውዬ ንገሪልኝ።»

«እነግራለሁ» አልኩ። አልነገርኩም። ይህን ከሰሙ ማን ይችላቸዋል።

ፋይሌን ከፈተች። «ኬሚስትሪው አለ፣ ጽፌዋለሁ። ባዮሎጂው...» ገጹን ገለበጠች። «ባዮሎጂው እንግዲህ እንደየሁኔታው ይታያል። በይ ተቀመጪ።»

ቦርሳዬን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩ። እኔ ቆምኩ።

«ወንበር አለ እኮ» አለች።

«አይቼዋለሁ» አልኳት። «መጀመሪያ ባዮሎጂውን እንጨርስ።»

አየችኝ። ወንበሩን አየች፤ ቦርሳዬን አየች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።